«እዚችው ናት» ያለችው ጅግራ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ይዤ መጥቻለሁ። «እሰይ፣ ይምጣ!» በሉኛ!

በድሮ ጊዜ አንዲት ጅግራ ከአንዲት ልጇ ጋር ኩሬ ዳር ትኖር ነበር። የልጅቷ ስም ጭሪ ነው። ጭሪ ክንፏ ገና አልጠናም፤ ጥያቄዋ ግን ማለቂያ የለውም።

«እማዬ፣ ከኩሬው ወዲያ ምን አለ?»

«ሜዳ።»

«ከሜዳው ወዲያስ?»

«ወንዝ።»

«ከወንዙ ወዲያስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ጥሬሽን ልቀሚ!»

በጋው ጠናና ኩሬው በየቀኑ እየጎደለ ሄደ። ወንዙ ጋ ካልደረሱ በውሃ ጥም ማለቃቸው ነው። ሜዳው ደግሞ ራቁቱን ነው፤ ከላይ ጭልፊት ይዞርበታል። ጭልፊቱ የሚሮጠውን ትቶ ደክሞ የቆመውን ነው የሚነጥቀው።

«እማዬ፣ ወንዙ ሩቅ ነው?»

ጅግራ ልጇ እንዳትፈራባት፣ አገሬው መንገደኛን እንደሚያጽናናው ሁሉ፣ «ኧረ እዚችው ናት!» አለቻት።

«እዚችው ከሆነችማ!» ብላ ጭሪ ተፈተለከች፤ እናቷም ተከተለቻት። ጭሪ ሜዳው ላይ ካለ አንድ ኩይሳ አጠገብ ስትደርስ ትንፋሿ አለቀ፤ እግሯ ተሳሰረ፤ ቆመች። ጭልፊቱ ቁልቁል ተወረወረ።

«ግቡ! ግቡ!» አለ ኩይሳው። እናት ልጇን ገፍትራ ወደ ኩይሳው ጉድጓድ አስገባቻት። ጭልፊቱ አንዲት የጭሪን ላባ ብቻ ይዞ ሄደ።

ኩይሳው ጅግራን «ምን ብለሽ ነው ያስሮጥሻት?» አላት።

«እዚችው ናት ብዬ ነዋ። ልቧ እንዳይፈራ።»

«ልቧማ አልፈራም። የተታለለው እግሯ ነው።»

ጅግራ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ጥሬ አልወረደላትም። በማግስቱ ልጇን ጠርታ፣ «ጭሪዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ወንዙ ሩቅ ነው» አለቻት።

«ምን ያህል ሩቅ?»

«በክንፌ እንጂ በእግሬ አላውቀውም። አብረን እንለካው።»

መጀመሪያ እስከ ኩይሳው ሮጠው ተመለሱ። ኩይሳው ጭሪን፣ «እያወራሽ ሩጪ። ወሬሽ ከተቆረጠ ፈጥነሻል ማለት ነው» አላት። ወሬማ ለጭሪ ምኗ ነው!

ቀጥሎ ኩይሳውን አልፈው እስከ አንድ ድቡልቡል ድንጋይ ሮጡ። ድንጋዩ፣ «ነገ እንዳትመጪ፤ ተኚ» አላት።

«ተኝቼ እንዴት እጠነክራለሁ?»

«ማረፍን እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው?» አለ ድንጋዩ። ጭሪ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አረፈች፤ እውነትም እግሯ ቀለላት።

በሦስተኛው ሩጫ ድንጋዩን አልፈው እስከ አንድ ግራር ሮጡ። ግራሩ ወዲያና ወዲህ አየና፣ «እኔ መሀል ላይ ነኝ። ወደ ኩሬው የምትመለሱበት መንገድና ከእኔ ወንዙ ድረስ ያለው እኩል ነው» አላቸው። ጭሪ ይህን እያሰላሰለች ተመለሰች።

ኩሬው ውስጥ ጭቃ ብቻ የቀረ ዕለት ተነሡ። ኩይሳውን አለፉ፤ ድንጋዩን አለፉ፤ ግራሩን አለፉ። ጭሪ ከዚህ ወዲያ ያለውን መሬት በእግሯ ረግጣ አታውቅም።

«እማዬ፣ ብዙ ቀረን?»

«እዚችው ናት» የሚለው ቃል ጅግራ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። «ብዙ ቀርቶናል፣ ልጄ። ግን ያን ዕለት ከግራሩ ከተመለስሽው አይበልጥም።»

«እሱንማ እያወራሁ ነው የተመለስኩት!» አለች ጭሪ፤ ወሬዋንም ቀጠለች።

ይሄኔ ጭልፊቱ ከላይ መጣ። ሁለቱም አለመድከማቸውን ሲያይ ድምፁን አለሰለሰ። «የኔ ቆንጆ፣ ወንዙ እኮ እዚችው ናት! ምን ታዘግሚያለሽ? ፍጠኚ እንጂ!»

ጭሪ ሳቀች። «እማዬ፣ ያንቺን ቃል ከየት አገኘው?»

ጅግራ ፊቷ ጋለ። ከልጇ ጎን ሮጠች። ጭሪ ግን ርምጃዋን አልለወጠችም፤ እያወራች፣ እየጠየቀች ሮጠች። ጭልፊቱ ዞሮ ዞሮ ራሱ ሲደክመው ደካማ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ሄደ።

ወንዙ ዳር ቄጠማው ውስጥ ገብተው እስኪበቃቸው ጠጡ። ጭሪ አፏን ከውሃው ሳታነሣ ማዶውን አየች።

«እማዬ፣ ከዚያስ ወዲያ ምን አለ?»

«አላውቅም» አለች ጅግራ። «ሩቅ ይመስለኛል።»

«ጥሩ!» አለች ጭሪ።

እናም ልጆቼ፣ ሩቁን ቅርብ ነው ብሎ የሚያስሮጥ፣ አሳቢም ይሁን ጠላት፣ መንገድ ላይ ያስቀራል፤ ሩቁን ሩቅ ነው ብሎ አብሮ የሚሮጥ ግን ያደርሳል። የእኔ ተረት ወንዙ ዳር ደርሳ ውሃዋን ጠጥታለች፤ ማዶውን የሚያሻግራት ደግሞ ከእናንተ አንዱ ይሁን።