ሁለት አልጋ፣ አንድ ሕመም

አንድ ሸማኔ ነበረ። ትርንጎ ልጄ፣ ወንድምሽ በመጠጥ ታሞ ሆስፒታል ቢተኛ «በገዛ እጁ ለታመመ ሰው ይታዘንለታል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ መልሱ ያለው ከዚህ ሸማኔ ዘንድ ነውና ስሚኝ።

ሸማኔው መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሰርግ ቤት እንኳ ብርጭቆውን ዘቅዝቆ ነበር የሚቀመጠው፤ ትንሽም ይኮራበት ነበር። በፋሲካ ማግስት ታዲያ ሆዱን ከላይ ቀስፎ ይዞ እስከ ጀርባው ወጋው። እያስመለሰው ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙም «ቆሽትህ ተቆጥቷል» አለው። እኛ ስንናደድ ቆሽቴ አረረ እንላለን፤ የሱ ግን የእውነቱን አረረ።

ከጎኑ ባለው አልጋ አረቄ የጎዳው ሰው ተኝቶ ነበር። የሱም ሕመም ያው የቆሽት ነው። ጠያቂ መቼም ወሬ አያጣም፤ «ለካስ ይሄም ተደብቆ ይጠጣ ኖሯል!» መባባል ተጀመረ። ሸማኔውን ከሕመሙ ይልቅ የስሙ ነገር አንገበገበው። ኋላ በምርመራ ከሐሞት ከረጢቱ የወጣ ጠጠር የቆሽቱን መተላለፊያ ዘግቶበት መሆኑ ሲነገረው ደስ አለው። እስቲ አሁን ጠጠር ደስ ያሰኛል? ለመጣ ለሄደው ሁሉ «የኔ ጠጠር ነው፤ የዚያኛው ነው አረቄ» ይል ጀመር። ጠጪው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰማዋል። እሱን የሚጠይቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሸማኔው ባሰበት። ትኩሳቱ ጨመረ፣ ትንፋሹ አጠረ። ምግብም ውሃም ተከልክሎ በግሉኮስ ብቻ ነበርና ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጠቀ። ሚስቱ መድኃኒት ልትገዛ እንደወጣች «ኧረ ውሃ!» እያለ ቃተተ። ያን ጊዜ ጠጪው የራሱን የግሉኮስ መስቀያ እየጎተተ ከአልጋው ወረደ። ነርሷን አስፈቅዶ፣ ጥጥ ውሃ ውስጥ ነክሮ የሸማኔውን ከንፈር አራሰለት። «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም አውቀዋለሁ» አለው።

እግዜር ማረውና ሸማኔው አገገመ። እሑድ የዕድሩ ሰዎች ሊጠይቁት መጡ። አንዱ ወደ ጎን ዞር ብሎ «አንተስ ወንድም፣ ምን አግኝቶህ ነው?» ቢለው ጠጪው አንገቱን ደፋ። ሸማኔው ቀደመለት።

«የሁለታችንም ሕመም አንድ ነው» አለ። ሚስቱ ያመጣችለትንም ሾርባ ለሁለት አስከፈለ። ሰዎቹ ተያዩ። ምን እንዳሰቡ ገብቶታል፤ ስለ ጠጠሩ ግን ትንፍሽ አላለም።

አየሽ ልጄ፣ ከዚህ ሕመም ብዙው ድኖ ይወጣል፣ የማይወጣም አለ፤ ያጠፋውንና ያላጠፋውን አይቶ አይደለም። በምን ታመመ የሚለውን ለሐኪሙ ተዪለት፤ እሱ የሚጠይቀው ሊያክም ነው። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ላለመሄድ ነው፤ አውቄብሻለሁ። ዛሬ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛው ወንድምሽ ነው። በይ ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሺ፤ የጠያቂ ሰዓት ሳያልፍ ድረሽለት።