ኩርባ የፈራው ሞተረኛ

አንድ ሞተረኛ ነበር። ተራራ ላይ ካለች ከተማ ሰው እያፈናጠጠ ወደ ቆላ ያወርዳል። መንገዱ አሥራ አንድ ኩርባ አለው። እሱ እያፏጨ ሲነዳ ግን ከኋላው የተቀመጠ ሰው ወሬውን ሳያቋርጥ ቆላ ይደርስ ነበር። ሞተረኛውን ከወጣትነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ያደገው ሰው ቤት ነው። ያጠፋ ቀን እራት አይሰጠውም። ስለዚህ በልጅነቱ መጀመሪያ የተማረው ነገር «እኔ አይደለሁም» ማለት ነበር።

የዘወትር ደንበኛው ላቀው የሚባል የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ በሳምንት ሁለት ቀን ቆላ ይወርዳል። እዚያ ያሉ አርቢዎች ላቀው ሳያያት ጥጃ አይሸጡም ነበር።

በዚያች ከተማ ቤንዚን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሞተረኞቹ ቁልቁለቱን ማርሽ ነፃ አድርገው መንሸራተት ልማዳቸው ነው። ማርሽ ውስጥ የገባ ሞተር ቁልቁለቱን ራሱ ይይዛል። ነፃ የተለቀቀውን ግን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃሉ፤ ሁሉም ያደርጉታል።

አንድ ቀን ሞተረኛው ላቀውን አፈናጥጦ እንዲሁ ሲንሸራተት አምስተኛው ኩርባ ላይ ፍጥነቱ አመለጠው። ፍሬኑን ጨመቀ፤ ጎማው ከዳው፤ በግራ ጎናቸው ወደቁ። የእሱ ክርን ተላጠ። የላቀው እግር ተሰበረ።

ሰው ተሰብስቦ ምን ሆናችሁ ሲል ሞተረኛው ቀድሞ ተናገረ።

«ኩርባው ላይ ከእኔ ጋር አልተዘነበለም። ወደ ሌላ ጎን ሄደብኝ» አለ።

የተፈናጠጠ ሰው ከነጂው ጋር ካልተዘነበለ ሚዛን እንደሚያጠፋ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሁሉም አመኑት። ላቀው ራሱም አመነው። በዚያች ቅጽበት ሰውነቱ ወዴት እንደነበረ ማን ያስታውሳል?

ከሁለት ወር በኋላ ላቀው ምርኩዝ ተደግፎ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሞተረኛው ቤት መጣ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ላቀው ያጠፋው ሳያውቅ መሆኑን፣ ሞተረኛውን ለጉዳትና ለኪሳራ በመዳረጉ እንቅልፍ ማጣቱን አስረዱ። ሞተረኛው እውነቱን ሊናገር የሚችለው ያን ጊዜ ነበር። የሚቆጣ ሰው አልነበረም። የቆሙት ሰዎች ደጎች ነበሩ።

«ይቅር ለእግዜር» አለ።

ላቀው በዚያ እግሩ እንደምንም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው።

ሞተረኛው ወደ ሥራው ሲመለስ ኩርባ መዞር አቃተው። ቀጥ ባለው መንገድ እንደ ድሮው ይበራል። ኩርባ ሲቀርብ ግን ትከሻው ይደርቃል፤ ግራ እጁ ሳያዘው ፍሪሲዮኑን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፤ ሞተሩም ወደ ገደሉ ጠርዝ ይሳባል። በሁለት እግሩ መሬት እየጎተተ ያልፋል። ተራ የሚጠብቁት ጓደኞቹ አልማሩትም። አንዱ፣ እሱ እኮ ኩርባ አያልፍም፣ ተሳልሞ ነው የሚሄደው አለ። ሌላው፣ ተዉት፣ አሥራ አንዱንም ደብር ይሳለም ብሎ ጨመረበት። ተሳፋሪው እየሸሸው ሄደ። ጎማ ለወጠ። ፍሬን አስቀየረ። ኳስ ሜዳ ላይ ጀሪካን ደርድሮ ሲዞር ዋለ። ሜዳው ላይ ይዞራል፤ ተራራው ላይ አይዞርም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ ከረመ። በመጨረሻ ሞተሩን እየገፋ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ መካኒክ ዘንድ ሄደ። ያን ጊዜ ከአደጋው በኋላ የጠገኑለት እሳቸው ናቸው። የፊት ጎማው ወደ ውጭ ይጎትተኛል፣ እስኪ ይዩልኝ አላቸው። ጋሽ ደምሴ ወጡበትና አንድ ዙር ነድተው ተመለሱ።

«ጎማህ ደህና ነው» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «የወደቅህ ቀን ይህን ሞተር ሲያመጡልኝ የማርሽ መርገጫው ተጣሞ ተጣብቆ ነበር። ማርሹ ምን ላይ እንደነበረ ልንገርህ?»

ሞተረኛው ጎንበስ ብሎ መርገጫውን አየ።

«ነፃ ላይ ነበር። አሁንም ኩርባ ላይ ስትደርስ ፍሪሲዮን ትይዛለህ። ፍሪሲዮን ሲያዝ ሞተሩ ከጎማው ይለያል፤ ያው ነፃ መልቀቅ ነው። ያንኑ ጥፋት በቀን አሥር ጊዜ እየደገምከው ጎማ ትለውጣለህ።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ደንበኛዬ ይቀየመኛል ብዬ። እኔም ጥሩ አላደረግሁም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ስማ ልጄ፣ በሌላ ሰው ያሳበብከውን ጥፋት ማረም አትችልም። የሌላ ሰው ነዋ» አሉት።

ሞተረኛው በዚያው ቁልቁለቱን ወረደ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ግራ እጁን ከፍሪሲዮኑ ላይ አነሳ። ሞተሩ መንገዱን ጨብጦ ያዘ። አንደኛውን ኩርባ ዞረ፤ ሁለተኛውን ዞረ፤ ሰውነቱ ሳያዘው ተዘነበለ። ሁለት ዓመት የፈራው ነገር ይህን ያህል ቀላል ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን ሞተሩን አቆመና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የላቀው ነገር መጣበት።

ሚዛን ያጠፋል ተብሎ ላቀውን የሚያፈናጥጥ ሞተረኛ ጠፍቶ ነበር። በእግሩ እንዳይወርድ ያነክሳል። መሥሪያ ቤቱ ቆላውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ እሱን ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጠው።

ሞተረኛው ሽማግሌ ለመላክ አፈረ። ብቻውን ሄደ። ላቀውን የመድኃኒት ካርቶን ሲደረድር አገኘው። የነበረውን ሁሉ ነገረው፤ ማርሹን፣ ቤንዚኑን፣ ውሸቱን። ይቅር በለኝ አለ።

ላቀው የያዘውን ካርቶን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«እኔ እኮ ወዴት ይሆን የተዘነበልኩት እያልኩ ሳስብ ነው የኖርኩት» አለ። «ወንበር ላይ ስቀመጥ እንኳ ሰው እንዳልጥል እጠነቀቅ ነበር።»

ሞተረኛው፣ ቆላ ላድርስህ፣ በነፃ፣ በፈለግህ ቀን አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለው ላቀው። «ከኋላህ ግን አልወጣም። ከማንም ኋላ አልወጣም። አሁን እውነቱን ባውቅም ገላዬ አያምነኝም።»

ሞተረኛው እስካሁን ኩርባ ይዞራል። ጥሩ አድርጎ ይዞራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቁልቁለቱን ሲወርድ ያፏጨበትን ቀን አላስታውስም።

ወዳጄ፣ የወደቀ ሰው ይነሳል፤ ድፍረቱም ይመለሳል። የሚመለሰው ግን ለምን እንደወደቀ ለራሱ ሳይዋሽ ሲናገር ነው። በሌላ ሰው ትከሻ ላይ የጣልነው ጥፋት ሁለት ሰው ያሽመደምዳል። እኛ ኋላ ተምረን ብንድን እንኳ፣ ያ ሰው አብሮን ላይድን ይችላል። እውነት ሁልጊዜ ጥሩ ነው፤ የዘገየ እውነት ግን የሰበረውን ሁሉ አይጠግንም።

አንተስ፣ አንተ ይቅርታ ልትጠይቀው ሲገባህ፣ ይቅርታ ያስጠየቅከው ሰው ማን ነው?