የእመት አህያ ጥላና የድቦቹ ሰዓት

አንድ ጊዜ ከብርድ አገር የመጡ ድቦች በእኛ እንስሳት ገበያ ዳር የገንዘብ መመንዘሪያ ሱቅ ከፈቱ። የእኛዎቹ ገንዘብ አሞሌ ጨው፣ የሩቆቹ ደግሞ ዛጎል ስለነበር፣ ዛጎል የፈለገ አሞሌውን ተሸክሞ ወደ ድቦቹ ይሄዳል። ድቦቹ ታዲያ አገራቸውን ቢለቁም ሰዓታቸውን አልለቀቁም። ሱቁን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም በአገራቸው ሰዓት ነው፤ ያም በእኛ ከረፋዱ አምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይሆናል።

በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ግመሎች ገብስ ጭነው መጡና፣ «ከዛጎል በቀር አንቀበልም፤ ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ጉዞ እንቀጥላለን» አሉ። የአህዮች መንደር ያለውን አሞሌ ሁሉ አዋጥቶ ለእመት አህያ አስረከባት። ውርንጭሎቹ ከተራቡ ሰንብተዋል፤ ገብሱ ካመለጠ ማለቃቸው ነው።

የዚያኑ ዕለት ትልቁ ድብ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «በአገራችን ቀኑ ስለረዘመ ከነገ ጀምሮ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደፊት እንገፋለን!» ሲል ለፈፈ።

ቀበሮ ሁልጊዜም ተናጋሪው ሳይጨርስ ነው የሚገባው። «ገባኝ! ወደፊት ከተገፋ ነገ የሚከፈተው ስድስት ሰዓት ላይ ነዋ» አለ።

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ቀኑ በአንድ ሰዓት ከረዘመ ምሳም ይጨመርልናላ?»

«እንዴታ! አርፍደን ተነስተን አብረን እንሄዳለን» አለው ቀበሮ። ከዚያ ወደ እመት አህያ ዞረ። «አንቺማ ነገም ጥላሽን በኮቴሽ ስትሰፍሪ ልትውዪ ነው። ዓለም ሰዓት እየገፋ!»

እውነት ነው፤ አህዮች ሜዳ ላይ ቆመው ጥላቸውን በኮቴ እየሰፈሩ ነው ሰዓት የሚያውቁት። በዚያ ወራት ጥላው ሦስት ኮቴ ሲሆን አምስት ሰዓት ነው።

እመት አህያ አንገቷን ቀና አደረገች። «ይህ ሰዓት የእናቴም የአያቴም ነው፤ አላፍርበትም» አለችና ወደ ድቡ ጠጋ አለች። «ጌታው፣ እርስዎ ነገ ከአልጋዎ የሚነሱት ከዛሬው ቀድመው ነው ዘግይተው?»

«ቀድሜ ነው እንጂ! አንድ ሰዓት እንቅልፌን ተቀማሁ» አለ ድቡ እያማረረ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ይበቃኛል» አለች እመት አህያ።

በማግስቱ ጥላዋ ገና አምስት ኮቴ ሳለ፣ በእኛ አራት ሰዓት መሆኑ ነው፣ አሞሌዋን ጭና ከሱቁ ደጃፍ ቆመች። በሩም ተከፈተ።

«አንቺ ብቻ ነሽ በሰዓቱ የመጣሽው! ማን ነገረሽ?» አለ ድቡ ተገርሞ።

«ግማሹን እርስዎ ነገሩኝ፤ ግማሹን ጥላዬ» አለች። ዛጎሏን ተቀብላ ገብሱን ገዛች።

ቀበሮና አያ ጅቦ ስድስት ሰዓት ላይ እየተንጠራሩ ደረሱ። በሩ ዝግ ነው። «ገና አልከፈቱም» አለ ቀበሮ። አያ ጅቦ ሲጠብቅ ሆዱ አላስችል ብሎት የተሸከመውን አሞሌ ይልስ ጀመር፤ ገንዘቡን እየበላ መሆኑ አልታየውም። ሰባት ሰዓት ላይ ግመሎቹ ጭነው ሲያልፉ አንዱ፣ «ምን ትጠብቃላችሁ? ሱቁማ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል!» አላቸው። አያ ጅቦ ግን ወደ ቀበሮ ዞሮ፣ «ታዲያ የተጨመረልን ምሳስ?» አለው።

እመት አህያ ገብሷን ተሸክማ መንደሯ ስትገባ ውርንጭሎቹ እየፈነጩ ተቀበሏት። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙላት። እሷም ውርንጭሎቹ በልተው ሲጠግቡ ሜዳው ላይ አሰለፈቻቸውና፣ «በሉ እንግዲህ፣ ጥላችሁን ስፈሩ» አለቻቸው። ያን ቀን በመንደሩ አንገቱን የደፋ አህያ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው በራሱ አቆጣጠር የሚኮራ፣ የሌላውን ደግሞ ከመገመት ይልቅ ጠይቆ የሚረዳ፣ ዓለም ሰዓቱን ወዲያም ወዲህም ቢገፋ ገበያው እንደማያመልጠው ነው።