በጀልባው ጎን ያለው ቀይ መስመር

አንድ ሰው አባቱን ወደ አንዲት ደሴት ሊወስድ ተነሣ። ደሴቷ በሰፊ ሐይቅ መካከል ናት። ነዋሪዎቿ ድሮ ወጥተው ብሔራዊ ፓርክ ሆናለች። አባቱ የተወለዱት እዚያ ነው። አሁን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ ልያት» አሉት። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ልጅ እሺ አለ። ግን እንዴት ያለ እሺ! ደብተር ገዛ። ስምንት ወር ሙሉ አቀደ። ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደወለ፤ ፈቃድ አወጣ፤ ጀልባ ያዘ። ድንኳን ጻፈ። ፍራሽ ጻፈ። ትልቅ ድስት ጻፈ። ጄኔሬተርም ጻፈ። አባቱ «መቼ ነው?» ሲሉት፣ «አባባ፣ ዝግጅቱ አላለቀም» ይላል።

ቀኑ ደረሰ። ሰውየው ማልዶ ከሐይቁ ዳር ተገኘና ጀልባ ነጂው ሳይመጣ ዕቃውን ሁሉ ጫነ። የዚያ ሐይቅ ልማድ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ሰው ይቀመጣል፤ ዕቃ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው። በጀልባው ጎን ቀይ መስመር ተቀብቷል። ውኃው መስመሩን ከነካ፣ ጭነቱ በቃ ማለት ነው።

ጀልባ ነጂው ሻንቆ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ። ውኃው መስመሩን ነክቷል።

«ጌታዬ፣ የሚሄደው ማን ነው?»

«እኔ፣ ባለቤቴና አባቴ።»

«እኔስ ጄኔሬተሩ መስሎኝ! ጥሩ ቦታ ይዟል።»

ሚስቱ ትርፌ ሳቀች። እርሱ አልሳቀም። «ሁለት ጊዜ አመላልሰን» አለ።

«ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ሁለተኛ አልመለስም» አለ ሻንቆ። ፈቃዱም የሚያበቃው በማግስቱ ነበር።

ሰውየው ደብተሩን ገለጠ። ፍራሹ ይውረድ? «አባባ መሬት ላይ ሊተኙ ነው?» ድስቱስ? «አባባ ምን ሊበሉ?» ጄኔሬተሩስ? «አባባን በጨለማ ላስቀምጣቸው?»

አባባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። «ልጄ፣ አትጨነቅ» አሉ። «እናንተ ሂዱ። እኔ ከዚህም ትታየኛለች።»

ይህን ሲሉ ወዴት እንደሚመለከቱ ታውቃላችሁ? ወደ መኪና ማቆሚያው! ደሴቷ ከኋላቸው ነበረች።

ሰውየው ደብተሩን ዘጋ። ጄኔሬተሩን አቅፎ አወረደ። ፍራሹን፣ ድስቱን፣ ድንኳኑን አወረደ። ዳቦና ብርድ ልብስ ብቻ ቀረ። «አባባ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይግቡ» አለ።

ደሴቷ ሲደርሱ አባባ ጫማቸውን አወለቁ። እየዳሰሱ ሄደው አንድ የሾላ ዛፍ አገኙ። «በራችን ከዚህ በስተግራ ነበር» አሉና ግንዱን እንደ ሰው ሳሙት። ዳቦውን ለአራት ተካፍለው በሉ። ጄኔሬተሩም ሥራ አልፈታም፤ ከሐይቁ ዳር ያለ አንድ ዘበኛ ስልኩን ሲሞላበት ዋለ።

ወገኖቼ፣ ያ ሰው ክፉ ነበር? አልነበረም። እያንዳንዱን ዕቃ የጫነው ለአባቱ ብሎ ነው። ለአባቱ ብሎ ጭኖ፣ ጭኖ፣ ለአባቱ ቦታ አጣ!

እናንተስ? ለልጆቼ ብላችሁ እየሮጣችሁ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ከተቀመጣችሁ ስንት ጊዜ ሆነ? ለእናቴ ቤት ልሥራ እያላችሁ፣ እናታችሁን ሳታዩ ስንት ክረምት አለፈ? ለጌታ ብለን ወንበር እንደረድራለን፤ ድምፅ ማጉያ እንሞክራለን። እርሱስ ተሳፍሯል?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ጎንበስ ብላችሁ መስመራችሁን እዩ። ውኃው ደርሶ ከሆነ አትደንግጡ፤ ገና ከዳር ናችሁ፤ ነፋሱም አልተነሣም። ፍራሹን አውርዱት። ከዚያ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡትን ሰው እጃቸውን ያዙና «መጀመሪያ እርስዎ ይግቡ» በሏቸው።