የዶሮዋ የባዘቶ ገመና

ተረት ተረት! የላም በረት አትበሉኝ፤ የዛሬው ተረት ያለው ዶሮ ቤት ነው።

ዶሮና ሰው በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት፣ ግን ብዙም በማይደማመጡበት ዘመን፣ በእትዬ ዘርትሁን ግቢ ባዘቶ የምትባል ዶሮ ነበረች። ላባዋ ላባ አይመስልም፤ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ የነጣ ነው። ጎፈሬዋ ፊቷን ሸፍኖታል፤ የእግሯም ፀጉር መሬት ይጠርጋል። መብረር አትችልም። እንቁላል በመታቀፍ ግን የሚስተካከላት የለም፤ ድንጋይ ቢሰጧት እንኳ ታቅፋ ታሞቀዋለች።

ያያት ሁሉ "ምን ያለች ነጭ!" ይላል። ባዘቶ አንገቷን ትደፋለች። ሰው ጨዋነት ይመስለዋል።

ጨዋነት አልነበረም። ከነጩ ላባ ሥር ቆዳዋ እንደ ድስት ቂጥ ጥቁር ነበር። ይህን የሚያውቀው የምትታቀፍበት ቅርጫት ብቻ ነው፤ ቅርጫት ከታች ስለሚያይ።

አንድ ቀን ዝናብ መጣና፣ "ባዘቶ፣ ነዪ ልጠብሽ" አላት። ከረጠበች ላባዋ ተጣብቆ ገላዋ ሊታይ ነው።

"ጉንፋን ይዞኛል" አለች።

አቧራ፣ "ነዪ ተንከባለዪብኝ፤ ቅማልሽን ላራግፍልሽ" አላት።

"ቅማል የለብኝም" አለች፣ እያከከች።

ነፋስ፣ "ነዪ ላናፍስሽ" አላት።

"ሥራ አለብኝ፣ ጋሼ" ብላ ቅርጫቷ ውስጥ ገባች።

አውራው ዶሮ ገብስማው ይህን አይቶ፣ "ኩራቷን እዩልኝ! ሐር የለበሰች እሷ ብቻ ናት!" አለ። ባዘቶ ኩሩ መባሉ ይሻለኛል ብላ ተወችው።

ፋሲካ ሲቃረብ ባዘቶ የራሷንም የሌሎች ዶሮዎችንም እንቁላል ታቅፋ ነበር። በምንቃሯ እያገላበጠች፣ ለመብላት እንኳ ሮጣ ወጥታ ሮጣ እየተመለሰች፣ በመጨረሻ ጫጩቶቹ ከቅርፊታቸው ውስጥ ጭው ጭው ማለት ጀመሩ።

በበዓሉ ዋዜማ እትዬ ዘርትሁን ካራ ይዘው፣ ከጎረቤታቸው ከእትዬ ማንያህልሻል ጋር መጡ።

"ይቺን ነው!" አሉ እትዬ ማንያህልሻል። "ውፍረቷን እዪልኝ! ለእናንተ በቅታ እኔ ቤትም ትደርሳለች።"

"እኔም እሷን መርጫለሁ" አለ ካራው። "ነጭ እወዳለሁ።"

"እትዬ፣ የሚያዩት ፀጉሩን ነው" አለች ባዘቶ። "ውስጤ አጥንት ነው።"

"ትሕትናዋ!" አሉ እትዬ ማንያህልሻል።

"እትዬ፣ እንቁላል ታቅፌያለሁ። እኔ ከተነሣሁ ልጆቹ ቀዝቅዘው ይሞታሉ።"

"ጨርቅ ጣል አደርግባቸዋለሁ" አሉ እትዬ ዘርትሁን፣ እጃቸውን እየዘረጉ።

ቅርጫቱ በሹክሹክታ፣ "ንገሪያቸው" አላት። "ታፍሪ እንደሆነ እንጂ አትሞቺም።"

ባዘቶ ዓይኗን ጨፍና ተጣራች። "ጋሼ ነፋስ! እስቲ አንዴ እፍ ይበሉብኝ።"

"ሥራ አለብኝ ብለሽ አልነበር?"

"ጨርሻለሁ።"

ነፋስ እፍ አለባት። ላባዋ ለሁለት ተከፈለ።

እትዬ ማንያህልሻል ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቀና አሉ፤ እንደገና ጎንበስ አሉ። "በስመ አብ! ተቃጥላ ነው እንዴ?"

"አልተቃጠልኩም" አለች ባዘቶ። "ስፈለፈልም እንዲሁ ነበርኩ። ሥጋዬም ጥቁር ነው፤ አጥንቴም ጥቁር ነው። እስከ ዛሬ ደብቄያችሁ ነው።"

እትዬ ዘርትሁን ካራውን ዝቅ አደረጉ። "ነገ አማቴ ይመጣሉ። ይህን ከድስት ሲወጣ ቢያዩ ምን ይላሉ?"

"ወጡ አርሯል ይላሉ" አሉ እትዬ ማንያህልሻል።

"እኔ ወጥ አሳርሬ አላውቅም!" አሉ እትዬ ዘርትሁን።

ያን ጊዜ ገብስማው አጥር ላይ ቆሞ፣ "ድሮስ እኔ እያለሁ እሷን ወፍራም ማለት ምንድን ነው? እኔን መዝኑኝ!" እያለ ይጮኽ ነበር።

መዘኑት።

በማግሥቱ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። አንዳንዶቹ ቢጫ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እናታቸውን መስለዋል። አንዷ እርጥብ እንደሆነች ገላዋን አየችና፣ "እማዬ፣ ይህን የት ልደብቀው?" አለች።

ባዘቶ ልጆቹ ሲደርቁ አስከትላቸው ወጣችና በቀትር፣ በግቢው መካከል፣ አቧራው ላይ በጀርባዋ ተንከባለለች።

"ቅማል የለብኝም ብለሽ ነበር" አላት አቧራ።

"ዋሽቼ ነው" አለች።

እንግዲህ ዳቦ ካላችሁ አፌን አብሱልኝ፤ የዶሮ ወጡ ይቅርብኝ። ከሚያሳርድ ምስጋና ይሻላል የሚያድን ገመና።