ባሻ ወንድይራድ በበቅሎው የተወራረደ ዕለት

አንድ ሰው ለጠብ ታጥቆ መጥቶ፣ እርቁ አፍንጫው ሥር ሲቀርብለት ሳይሰማ ሲቀር፣ በቡልጋ በኩል ያሉ ሰዎች አራት ቃል ጣል አድርገው ይሳሳቃሉ። አራቱ ቃላት ከየት እንደመጡ ግን ሁሉም አያውቅም። የመጡት በአንዲት በቅሎ ሰበብ ነው።

በቅሎዋ የባሻ ወንድይራድ ነበረች፤ ባሻ ደግሞ በዘመኑ በዚያ አገር የሚፈራ ጠበቃ። ያን ጊዜ ችሎት የሚቆመው ዛፍ ሥር ነበር። ጠበቃው ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እየነቀነቀ፣ ቃሉን በግጥም እያሳመረ ይሟገታል። የባላጋራውን ቃል ሐሰት ነው ለማለት ሲፈልግም ይወራረዳል፤ አንዱ በማር፣ አንዱ በበግ። የተረታው ውርርዱን ለዳኛው ያገባል። ባሻ ግን በማርና በበግ አፉን አያበላሽም። ባላጋራው ገና ተናግሮ ሳይጨርስ፣ «ሐሰት ነው! በበቅሎዬ!» ይላል። በቅሎ የሌለው ሰው ለዚህ ምን መልስ አለው? ይደነግጣል፣ ይንተባተባል፣ ነገሩን ይተዋል። ባሻ በዚህ ብልሃት አሥራ አንድ ሙግት ረትቷል፤ በቅሎዋም አንድ ቀን ከእጁ ወጥታ አታውቅም።

አሥራ ሁለተኛው የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ጉዳይ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ላቀው በየክረምቱ ድንበር እየገፋ ሲያርስ፣ በመጨረሻ ምንጯን ከእርሱ ማሳ አገባው። ከዚያ ምንጭ በቀር ለላሞቿ የምታጠጣው ውሃ የላትም። ምንጩ ካልተመለሰላት ላሞቿን ሸጣ፣ ቤቷን ዘግታ ወደ ወንድሟ አገር መሰደዷ ነው።

ባሻ ለዚህ ሙግት ሦስት ቀን ሙሉ ተዘጋጀ። እህል በአግባቡ አልቀመሰም፤ ዓይኑን ጨፈን ባደረገ ቁጥር አዲስ ስንኝ እየመጣ ይቀሰቅሰዋል። አንገቱ ደረቀ፣ ዓይኑ ደም መሰለ። እርሱ ግን ይህን እንደ ሕመም አይቆጥረውም ነበር። ሚስቱ «እባክህ ትንሽ ጋደም በል» ስትለው፣ «ዕረፍት የተረታ ሰው ነው የሚያምርበት» ብሎ መለሰላት።

በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ባሻ በበቅሎው ላይ፣ ዘርፈሽዋል በእግሯ፣ ወደ ችሎቱ ሲሄዱ የያዘችውን ቅል ዘረጋችለት።

«ባሻ፣ በሶ በጥብጬ ይዣለሁ። ትንሽ ፉት ይበሉ።»

«የጠገበ ሆድ ምላስ ያስራል፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያስ ይህን ይስሙኝ። አያ ላቀው ሰሞኑን ታሞ፣ የነፍስ አባቱን አስጠርቶ ነበር ይላሉ። ምናልባት ልቡ ተመልሶ እንደሆነ...»

«ይሆናል፣ ይሆናል» አለ ባሻ። ሰባተኛው ስንኝ ላይ ነበር።

«እሱ ምን እንደሚል ሳናውቅ ቢቸኩሉ ብዬ ነው።»

«እሱ ያሻውን ይበል፤ እኔ የምለውን አውቃለሁ!» አለና በቅሎዋን ኮለኮላት።

ዳኛው ከዝግባው ሥር ተቀምጠዋል፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ፣ ሙግት ሊያይ የመጣው ሰው ደግሞ ዙሪያውን። ባሻ ብድግ ብሎ ገና ኩታውን ሲያጣፋ ዳኛው እጃቸውን አነሡ።

«ክሱን አሳጥረው። የተወሰደባት ምንጭ ይመለስላት ነው የምትለው?»

«ነው፣ ጌታዬ፤ ነገር ግን...»

«በቃ፣ ሰማን። አንተ ላቀው፣ ምን ትመልሳለህ?»

ባሻ የሦስት ቀን ግጥሙ ደረቱ ላይ ተጠቅጥቆ ቀረበት። አልተቀመጠም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የመጀመሪያው ስንኝ ሾልኮ እንዳይጠፋው እየደጋገመ ይይዘዋል። አያ ላቀው በዱላው ተደግፎ ተነሣ። ሕመሙ ፊቱን አክስቶታል፣ ድምፁም ዝግ ያለ ነው። ባሻ የላቀውን ከንፈር ያያል እንጂ የሚሰማው የራሱን ግጥም ነበር።

«ዳኞች፣ እኔ ብዙ የምለው የለኝም» አለ ላቀው። «ድንበሩ ከኮሶው ዛፍ ወዲህ ነው። ምንጩ የወንድሜ ነበር፤ ዛሬም የሚስቱ ነው። በድዬአታለሁ፣ አምናለሁ...»

«ሐሰት ነው!» ባሻ ዘንጉን መሬት ላይ ሰካ። «ዛሬ ከዚህ ሰው አፍ የወጣው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሐሰት ነው! በበቅሎዬ እወራረዳለሁ!»

ዝግባው ሥር ትንፋሽ ጠፋ። ባሻ ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቶታል። ደረቱን ነፋ።

«ወንድሜ» አለ ላቀው ግራ ተጋብቶ፣ «እርግጠኛ ነህ?»

«ፈራህ እንዴ? እርግጠኛ ነኝ!»

«እኔስ በቅሎ የለኝም። ግን ለነፍሴ የተናገርሁትን ቃል ሐሰት ካልኸኝ፣ ባለኝ አንድ በሬ ተወራርጃለሁ።»

ዳኛው ጢማቸውን አሻሹ።

«ባሻ፣ ሰውዬው ምን አለ?»

ባሻ አፉን ከፈተ። አፉ ላይ የመጣለት የራሱ ስንኝ ብቻ ነው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ወደ ዘርፈሽዋል ዞረ፤ ቅሏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ምንጩ የእሷ ነው አለ» አሉ ዳኛው። «አንተ ደግሞ ሐሰት ነው አልህ። የጠበቃ ቃል የባለጉዳዩ ቃል መሆኑን አንተው ስንት ጊዜ እዚህ ቆመህ ነግረኸናል። እንግዲህ ምንጩ የሴትዮዋ ከሆነ በቅሎህ የዳኛ ናት። በቅሎህን ይዘህ ልትሄድ የምትሻ ከሆነ፣ ምንጩ የእሷ አለመሆኑን አስረዳን። ጊዜ አለን።»

ሳቁ ፈነዳ። ባሻ ጆሮው ጋለ። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ምንጩ የእሷ እንዳልሆነ የሚያስረዳው ሙግት መጣለት። የታመመ ሰው ቃል አይታመንም፤ ሞት የፈራ የራሱንም ይሰጣል፤ ኮሶው የተተከለው ከድንበሩ በኋላ ነው። ግሩም ሙግት ነበር፤ ቤት ይመታል፣ ከሦስት ቀኑ ድርሰት ሁሉ ይበልጣል። በቅሎዋ ከበስተኋላው አናፋች። ምላሱ ተነሣ።

«ባሻ» አለች ዘርፈሽዋል በዝግታ። «ስለ እግዚአብሔር ብለው፣ ከእንግዲህ ምንም አይናገሩልኝ።»

በሙግት ዘመኑ ሰው እንዲህ ለምኖት አያውቅም። ይናገርልን ብለው ነበር በግ እየሳቡ ደጁን የሚጠኑት። ባሻ ዘንጉን ከመሬት ነቀለ፤ ኩታውን ፈታና ቁጭ አለ። ሲቀመጥ ሆዱ በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጮኽ ተሰማው። ወፎች ዝግባው ላይ ይንጫጫሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሲንጫጩ ኖረዋል ለካ።

ዳኛው ምንጩን ለዘርፈሽዋል፣ በሬውን ለላቀው፣ በቅሎዋን ለራሳቸው ፈረዱ። ላቀው የወንድሙን ሚስት እግር ሊስም ጎንበስ ሲል በትከሻው ደግፋ አነሣችው። ቀጥላ ቅሉን ለባሻ ሰጠችው፤ በዚህ ጊዜ እምቢ አላለም። በሶውን ጨልጦ፣ ኮርቻውን ተሸክሞ፣ ከእርሷ ኋላ በእግሩ መንገድ ጀመረ።

ቁልቁለቱ ላይ ሙግቱ ያመለጠው አንድ መንገደኛ አገኛቸው፤ ኮርቻ የተሸከመውን ጠበቃና ፈገግ ያለችውን ባለጉዳይ አይቶ ግራ ቢገባው፣ ከችሎቱ ከሚመለሱት ሽማግሌዎች አንዱን አያ ውቤን ያዛቸው።

«አባቴ፣ ሴትዮዋ ረታች እንዴ? ታዲያ ባሻ ምን ሆኖ ነው?»

አያ ውቤ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ኮርቻው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ጠበቁና፣ «ምን ይሆናል ልጄ፤ ባላጋራ አምኖ፣ ጠበቃ ካደ» አሉ።