የማርሳቢቱ ምሳ

ጉልበተኛ ነኝ ባይ ሲፎክር ሽማግሌዎች ጥግ ይዘው የሚወረውሩት አባባል አለ። የሚሰማው ሁሉ ስለ ጠብ የተነገረ ይመስለዋል። ስለ ጠብ አይደለም፤ ስለ ምሳ ሒሳብ ነው። ያውም በሰው አገር ስለተበላ ምሳ።

ዲላ ውስጥ አንዳርጌ የሚባል ባለወፍጮ ነበር። እርግጥ ወፍጮው የአማቱ ነው፤ እሱ ግን ሰው ባለወፍጮ ብሎ ሲጠራው አያርምም። በከተማው የታወቀው በቸርነቱ ነው። ምግብ ቤት ተቀምጠው አስተናጋጇ ሒሳብ ይዛ ብቅ ስትል ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል፤ ቀኝ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ይከትና «እኔ እያለሁ! ማንም ኪሱን እንዳይነካ!» ብሎ ያገሳል። ያን ጊዜ ደንቡ ነውና ጓደኞቹ ይዘምቱበታል። አንዱ ክንዱን ይጠመዝዛል፣ አንዱ ወገቡን ይይዛል፣ በግርግሩ መሃል ሌላው ብሩን ለአስተናጋጇ ያቀብላል። አንዳርጌ ተሸንፎ ይቀመጥና «በድላችሁኛል፤ ይህን አልረሳላችሁም» ብሎ ያኮርፋል። ከዚያ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

በዚህ ዓይነት አንዳርጌ ዓመታት ሙሉ ሳይከፍል ቸር ሆኖ ኖረ። ሚስቱ ሽታዬ ኮቱን በየጊዜው የምትሰፋው ኪሱ በትግሉ እየተተረተረ ስላስቸገራት ነው። አታላይ ነበር ማለት ግን አይደለም። ቸር መሆኑን ከልቡ ያምን ነበር፤ ብቻ ተፈትኖ አያውቅም።

አንድ ዓመት፣ በቆሎ ደርሶ ሰው ሁሉ እህሉን ተሸክሞ በሚመጣበት ሰሞን፣ የወፍጮው ኩሽኔታ ተሰበረ። ኩሽኔታ ማለት ድንጋዩን የሚያዞረው ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት ነው፤ እሱ ከሌለ ወፍጮው የድንጋይ ክምር ነው። ዲላ ተፈለገ፣ ጠፋ። አዲስ አበባ ተፈለገ፣ ጠፋ። ናይሮቢ አለ ተባለ። ደንበኛው በየቀኑ በራቸውን እያለፈ ወደ ሌላ ወፍጮ ሲሄድ ያዩት አማቱ ወይዘሮ አመለወርቅ ጊደራቸውን ሸጡና ገንዘቡን ለአንዳርጌ ሰጡት። ወዲያው ደግሞ «አብሬህ እሄዳለሁ፤ ናይሮቢ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ» አሉ። የእህታቸው ልጅ ናይሮቢ ትኑር አትኑር ያረጋገጠ ሰው የለም። ሴትዮዋ የሚጠይቁት ጊደራቸውን ነበር።

ሞያሌ ደረሱ፤ ብሩን በሽልንግ መነዘሩ፤ ድንበሩን ተሻገሩ። አውቶቡስ እስኪነሳ ሻይ ቤት ተቀመጡ። በጠረጴዛው ላይ ሁለት መንገደኞች አብረዋቸው ነበሩ፤ አንዷ ቃባሌ የምትባል የቦረና ፍየል ነጋዴ ናት፤ በኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ ስላደገች አማርኛዋ ከአንዳርጌ አይተናነስም። ሌላው ሆዱ ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚደርስ ኬንያዊ መምህር ነው። ሻዩ ተጠጣ። አንዳርጌ ብድግ አለ።

«እኔ እያለሁ!»

ቃባሌ ለመምህሩ በስዋሂሊ ነገረችው። መምህሩ «አሳንቴ» ብሎ አመሰገነ፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ። ቃባሌም ተከትላው ወጣች። አንዳርጌ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ምነው ተገተርክ?» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ።

«አልታገሉኝም እኮ።»

«አየሁ።»

«ቋንቋው ነው እማማ። ነገሩ አልገባቸውም።»

«አመሰግናለሁ ያለ ሰው ገብቶታል። በል ክፈልና አፍህን ሰብስብ፤ ኪስህ ውስጥ ያለችው ጊደሬ ናት።»

አንዳርጌ ከፈለ። አውቶቡሱ በረሃውን ሲሰነጥቅ እሱ በመስኮት እያየ ነገሩን ያመነዥክ ነበር። በመጨረሻ ምክንያቱን አገኘው፤ ሻይ ነው ጥፋቱ። ለሻይ ማን ይታገላል? ሰው የሚታገለው ለቁም ነገር ነው።

ቁም ነገሩ ማርሳቢት ላይ መጣ። አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ወይዘሮ አመለወርቅ ከወንበራቸው ሳይነሱ በሷቸውን በጥብጠው ሊጠጡ ተዘጋጁ።

«የራስህን ብላ፣ የራስህን ክፈል፣ ና» አሉት።

«እሺ እማማ።»

እሱም ጾመኛ ነውና ቦሎቄ በሩዝ አዘዘ። ዙሪያውን የፍየል ጥብስ ይበላል። ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር፤ ግን በልተው የጨረሱት መንገደኞች አንድ በአንድ ስልካቸውን እያወጡ፣ ግድግዳው ላይ ወደተጻፈው ቁጥር የየራሳቸውን ሒሳብ መላክ ጀመሩ። ሁለት ወንድማማቾች ከአንድ ሳህን በልተው ሲያበቁ ለየብቻ ሲከፍሉ አንዳርጌ በዓይኑ አየ። ዲላ ቢሆን ወንድማማቾች እንዲህ የሚለያዩት በርስት ሲካሰሱ ነው። እግሮቹ ራሳቸው አስነሱት።

«እኔ እያለሁ! ማንም ስልኩን እንዳይነካ!»

አብራው የተቀመጠችው ቃባሌ አጥንቷን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «ወንድሜ፣ ለጠረጴዛችን ነው ወይስ ለአውቶቡሱ?»

አንዳርጌ አሰበ። ለጠረጴዛው ቢል እንደ ሻዩ ዝም ብለው ሊቀበሉት ይችላሉ። ለአውቶቡሱ ሁሉ ካለ ግን ድንጋይ ልብ ያለው ሰው እንኳ አያስችለውም፤ የግድ ይይዙታል። ስጦታው ሲገዝፍ መያዙም ይጠነክራል፤ ይህ የታወቀ ነው።

«ለአውቶቡሱ!» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንቺ ንገሪያቸው ብቻ!»

ነገረቻቸው። አንዳርጌ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ቆመ፤ ቀኝ ክንዱን አጠነከረ፤ የመጀመሪያውን ጥምዘዛ ጠበቀ። የመጣው ጭብጨባ ነበር። ስልኮች ሁሉ እንደ ጎራዴ ወደ አፎታቸው ተመለሱ። ሻይ ብቻ ይዘው የነበሩት ጥብስ አዘዙ። ሞተር ሊያስነሳ የወጣው ሹፌር ተመልሶ ተቀመጠና እጁን ታጠበ።

ያ መምህር ከወንበሩ ተነስቶ ወደ አንዳርጌ መጣ። ተመስገን፣ አንድ ሰው ተገኘ! አንዳርጌ ለመያዝ እንዲመቸው ክንዱን ጠጋ አደረገለት። መምህሩ ጨበጠውና አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን ይላል?» አለ አንዳርጌ።

«ኢትዮጵያውያን ቸር ናቸው ሲባል በጆሮዬ እሰማ ነበር፤ ዛሬ በሆዴ አረጋገጥኩ ይላል» አለች ቃባሌ። «ጎድን ይጨመርልኝም ብሏል።»

ሒሳቡ መጣ። የቤቱ ባለቤት ከፊቱ ቆማ በትዕግሥት ጠበቀችው። አንዳርጌ እጁን ከኪሱ የሚያወጣው የበሰበሰ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው ነበር፤ በጣም ቀስ እያለ፣ ዙሪያውን እያየ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወደ ቃባሌ ጎንበስ አለ።

«አንቺ የሞያሌ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ደንቡን አታውቂም?»

«አሳምሬ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልያዝሽኝም?»

«ርቦኝ ነበር» አለች።

ገና አልከፈለም። «ቀልዴን ነው» ቢል ያልቅ ነበር፤ ቢሳቅበት ነው፣ ቢበዛ ቢሰደብ ነው። ኩሽኔታው በዓይኑ ላይ ዞረ። የወፍጮ ቤቱ የተዘጋ በር፣ በቆሎዋን አዝላ የምታልፍ ጎረቤት ታየችው። ቀና ሲል ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በፍቅር ያየዋል። አንዲት አሮጊት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይመርቁታል። ዲላ ውስጥ ሲታገሉት ኖሩ እንጂ እንዲህ ያየው ሰው አልነበረም። አንዳርጌ ከፈለ።

ወይዘሮ አመለወርቅ በሷቸውን ጨርሰው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ የዘገየውን አማቻቸውን ሊጠሩ ወረዱ። በሩ ላይ መንገደኞች እየተሽቀዳደሙ እጅ ነሷቸው።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ ቃባሌን።

«የቸር ሰው እናት ስለሆኑ ነው» አለችና የሆነውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ሴትዮዋ አልጮኹም። አንዳርጌ ፊት ሄደው መዳፋቸውን ዘረጉ። የቀረውን አስቀመጠላቸው። ከፍ ዝቅ እያደረጉ መዘኑት።

«ለመመለሻ ይበቃል» አሉ። «ለኩሽኔታ አይበቃም። ሻንጣዬን አውርድ።»

አውቶቡሱ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። መንገደኞቹ በየመስኮቱ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ስሙን ባያውቁትም ዘፈን አወጡለት። ሁለቱ ወደ ሞያሌ የሚመለስ መኪና ሊጠብቁ አስፋልቱ ዳር ቀሩ። ያ ወፍጮ ዝም ብሎ ከረመ፤ ወይዘሮ አመለወርቅም የራሳቸውን በቆሎ ወደ ሌላ ሰው ወፍጮ እየላኩ አስፈጩ።

አንዳርጌ ግን ያን ዕለት፣ አስፋልቱ ዳር ቆሞ፣ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበረው።

«እማማ፣ ይታይዎ! ያን ሁሉ ሰው! አንድ እንኳ እጄን የያዘኝ የለም እኮ!»

ወይዘሮ አመለወርቅ ሻንጣቸው ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ለፀሐይ ተከናነቡና ዞር ብለው ሳያዩት እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ያዥ በሌለበት አገር ያዙኝ ልቀቁኝ አይባልም።»